ያመጣ ይቅመስ

እናቴ ጴንጤ ልትሆን መሆኑን የደረስኩበት በስምንት ዓመቴ፣ በ1995 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ነው። ማስረጃ ነበረኝ። ዛሬ ዐቃቤ ሕግ ሆኜ የማገላብጣቸው መዝገቦች እንኳ እንደዚያ የተሟላ ማስረጃ ይዘው አይመጡም። ምስክር ነበረኝ፣ ነጭ ልብስ ነበረኝ፣ ወንዝ ነበረኝ፤ የጎደለኝ እውነቱ ብቻ ነበር።

ቤታችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ መምህር ተክለሃይማኖት ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ ሲመጣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ነበር አሉ። ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ እኔ ማዕዶት ተወለድኩ፤ ከዚያ ወዲህ የመመለስ ወሬ የሚያነሣው ሙቀቱ ሲያናድደው ብቻ ሆነ። እናቴ ሮማነወርቅ ጾሟን የማታስነካ ሴት ናት። በዐቢይ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ እንኳ በጉሮሮዋ አይወርድም። እኔም በዚያ ዓመት ጾም ጀምሬ ነበር፤ እስከ ረፋድ ማለት ነው።

ከአጥራችን ማዶ እትዬ ጌጤ ነበረች። የገረሴ ሰው ናት፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሙዝ ማሳ ያለውን ጋሽ ዳልጮን አግብታ ከደጋ ወደ ቆላ ወረደች። ድምፅዋ ትልቅ ስለሆነ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤታቸው ስትዘምር እኛ ቤት ይሰማል፤ አባቴ «የጌጤ ጸሎት ዛሬም በእኛ ጣሪያ በኩል አለፈ» ይላል። አማርኛን ከጋሞኛ በኋላ ነው የተማረችው፤ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። እናቴን «ሮማን፣ አንተ ምነው ከሳህ?» ስትላት እናቴ ደስ ይላት ነበር። «በዚህ አገር እንደ ጌጤ የሚያቀርበኝ ሰው የለም» ትላለች።

የጌጤ ልጅ ሄራን እኩያዬ ነበረች። ስለ ጴንጤዎች የማውቀውን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት፤ እሷም የማታውቀውን ከመናገር ወደኋላ የምትል ልጅ አልነበረችም።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በቅቤ ነው። የጌጤ እህት ወልዳ፣ ጌጤ ለገንፎዋ ከገበያ ቅቤ ገዛች። ድስት ላይ ጥላ ስታቀልጠው ቤቱን የሙዝ ሽታ ሞላው፤ ከታች ደግሞ ቢጫ ሊጥ የመሰለ ነገር ዘቀጠ። ድስቱን በጨርቅ እንደያዘች አጥሩን ዞራ እናቴ ዘንድ መጣች።

«ሮማን፣ ይሄን እይ» አለች። «ሙዙን እኛ ለነጋዴዎቹ በርካሽ ሸጥንላቸው። እነሱ መልሰው በቅቤ ዋጋ ሸጡልን።»

እናቴ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ተቆጡ፤ የሴት ቁጣ ከሳቅ በኋላ ሲመጣ እንደሚበረታ ያን ቀን ነው ያየሁት።

በሳምንቱ የጌጤ ግቢ ማንጎ ሥር ሴቶች ተሰበሰቡ። እኔና ሄራን ዛፉ ላይ ወጥተን እናዳምጣለን። አንዷ ማሩ ስኳር ነው ትላለች፣ ሌላዋ በርበሬው የተፈጨ ሸክላ ነው ትላለች፣ ሦስተኛዋ ሙዙን በላምባ ጭስ አፍነው ነው የሚያበስሉት ትላለች። ግማሹ በጋሞኛ፣ ግማሹ በአማርኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ። እንደዚያ ደስ የሚል ስብሰባ ከዚያ በኋላ አልገጠመኝም፤ እኔና ሄራን ምኑም ሳይገባን ቅርንጫፉ ላይ ሆነን እናጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ማንጎ ሥር የኅብረት ሱቃቸው ወጣ። ስሙን ሳሮ አሉት፤ በጋሞኛ ሰላም፣ ደህና እንደማለት ነው። ኩልፎ ድልድይ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራዩ። የሚገባው እህል መድኃኒት ያልተረጨበት፣ ባዕድ ነገር ያልተቀላቀለበት ይሆናል። በሱቁ ሁሉም በተራ ይቆማሉ። ብዙ ያመጣችም ጥቂት ያመጣችም እኩል ትናገራለች፤ አራስ ወይም ኀዘንተኛ ካለች የእሷ ዕቃ ከሁሉ በፊት ይሸጣል። ዋናው ደንብ ግን አባቴ በቀይ ቀለም በሩ ላይ የጻፈው ነበር፦ ያመጣ ይቅመስ።

ይህን ያመጣችው ጌጤ ናት። እናቷ ለእንግዳ ምግብ ሲያቀርቡ አስቀድመው እፊቱ ይቀምሱ ነበር። «ሌላ ሰው ቢቀምስ ምላሱ ይሳሳታል» አለች። «የሠራው ሲቀምስ ግን ምን እንዳደረገበት ያውቃል። ሸክላ የጨመረ ሰው ሸክላውን ይብላ።»

ዕቃ የሚገባው ሐሙስ ጠዋት ነው። ሥርዓቱን መጀመሪያ ያየሁት በጥር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ነበር። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጌጤ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። ከዚያ እያንዳንዷ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ፣ ካመጣችው ማር ወይም ቅቤ ወይም ቆጮ ወይም ደርቆ ከተወቀጠ የሺፈራው ቅጠል ቆንጥራ አፏ ውስጥ አደረገች። ሌሎቹ ዝም ብለው ያያሉ፤ ስትውጥ «አሜን» ይላሉ። የእናቴ ተራ ደረሰ። ከበርበሬዋ በማንኪያ ጫፍ ቀመሰች። «አሜን» አሉ።

ጸሎት፣ ሰልፍ፣ ቁንጣሪ፣ አሜን። ይህንን የትም ቢሆን አውቀዋለሁ።

«ይሄ ቁርባናችሁ ነው?» አልኳት ሄራንን።

ሄራን አሰበች። «መሰለኝ» አለች።

«ማንም ይቀበላል?»

«አይ፣ ትልቅ ሰው ብቻ። ከተጠመቀ በኋላ።»

«እማዬ እኮ እናንተ ጋ አልተጠመቀችም።»

«እንግዲያው ትጠመቃለቻ» አለች ሄራን፣ ነገር እንደጨረሰ ሽማግሌ። «አክስቴን ኩልፎ ውስጥ ነው ያጠመቋት። ነጭ ለብሳ።»

በሰንበት ትምህርት ቤት ጥምቀት አንዲት ብቻ መሆኗን ተምሬያለሁ። ሁለተኛ የተጠመቀች እናት ምን እንደምትሆን አልነገሩንም፤ እኔ ግን ለራሴ ወሰንኩ። ከቤት ትወጣለች። አባቴ ደብረ ማርቆስ ይመለሳል። እኔን ለሁለት አይቆርጡኝም እንጂ የትኛው እንደሚወስደኝ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴን እንደ ሌባ መጠበቅ ጀመርኩ።

ማስረጃው እየተጨመረ ሄደ። አንድ ማታ አባቴ እራት ላይ «ዛሬም ከጴንጤዎቹ ጋር ዋልሽ?» አላት። «ዋልኩ» አለች። «እንግዲህ የቀረሽ መዘመር ነው።» እኔ እንጀራዬን ማላመጥ ተውኩ። ዛሬ ሳስበው ይህን የሚለው ሰውዬ ከእራት በኋላ ወንፊት ይዞ ከሷ ጋር እያነጠሰ በርበሬ ይነፋ ነበር፤ ሳሮን እንደሱ የሚወድ አልነበረም። ግን ቀልድና ክስ በአባቴ ፊት ላይ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው።

የጾሙ መጀመሪያ ሳምንታት እናቴ ለሳሮ ምንም አላቀረበችም፤ በርበሬዋ ገና ፀሐይ ላይ ነበር። እኔ «ተመልሳለች» ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አንድ ማክሰኞ ግን እኔ ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ፣ እሷና ጌጤ ከላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሐሙስ ሁላችን አንድ ላይ እናደርገዋለን» አለች ጌጤ። «አንተ ብቻህን አትቆምም።»

«ይከብዳችኋል፣ ጌጤ።»

«ይከብደናል። ግን እናደርገዋለን። ወንዶቹ ብቻ እንዳይሰሙ፤ ይስቁብናል።»

እናቴ አለቀሰች። አላየኋትም፤ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። እኔም ሳትሰማኝ አብሬያት አለቀስኩ።

ሐሙስ ጠዋት ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ያለቻት የክት ልብስ እሷ ብቻ ስለነበረች ነው፤ በዚያ ቀን ሸዋንዳኝ የሚባል ነጋዴ ለሐዋሳ ሆቴሎች ሊገዛ በአይሱዙ መኪና ይመጣል። የሳሮ የመጀመሪያው ትልቅ ሽያጭ ነበር። ሙዙ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ በርበሬው አንድ ላይ ይጫናል፤ ሰውየው የሚፈልገው ሙሉ ጭነት ነው፣ አንዱ ከጎደለ ሌላውን አይወስድም። ይህን ሁሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። በዚያ ጠዋት ያየሁት ነጭ ቀሚስ ብቻ ነው።

በዕረፍት ሰዓት ሄራን እየሮጠች መጣች። «እናቴ ዛሬ ቁርስ አልበላችም» አለችኝ። «የጎረቤታችንም እናት አልበላችም። ጠይቄያለሁ። ሁሉም አልበሉም።»

ጴንጤ በዐቢይ ጾም ቁርስ ሲተው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አልሰማንም።

«ለጥምቀቱ ነው» አልኩ።

በትምህርት ቤቱ አጥር ቀዳዳ ወጥተን ሮጥን። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የሙዝ ጋሪዎቹ፣ ከኋላችን የሚጠራን የዘበኛው ድምፅ፤ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር፤ ግን እውነቱን ልናገርና ፍርሃት ብቻ አልነበረም። እናቴን ላድን እየሮጥኩ ነው። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሆኜ አላውቅም።

ሳሮ ስንደርስ መኪናው በሩን ተጠግቶ ቆሟል። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ በተርታ ተደርድሯል፤ ማሩ ያብረቀርቃል፣ የእናቴ በርበሬ በትልቅ ሳፋ ተቆልሏል። ሴቶቹ ግን ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚበላ የለም፣ የሚጠጣ የለም፣ ከንፈራቸው ደርቋል። እናቴ መሐላቸው ናት፣ በነጭ። ከክፍሉ ጀርባ ኩልፎ ሲፈስ ይሰማል።

ሸዋንዳኝ ቀይ ፊት፣ ትልቅ ሆድ፣ አንገቱ ላይ ወፍራም ማተብ ያለው ሰው ነበር። መኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ከሙዙ እየላጠ ይበላል። «ለናሙና ነው» ይላል በየመሐሉ። ያን ያህል ናሙና የሚፈልግ ሙዝ አላየሁም።

«እመቤቶቼ» አለ፣ «ሳይመሽ ሶዶን ማለፍ አለብኝ። ቅመሱና እንጫን።»

«ዘጠኝ ሰዓት» አለች ጌጤ።

«ለምን ዘጠኝ ሰዓት?»

«የቤቱ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው እኔ እሄዳለሁ። ሙዝ በሶዶ መንገድም ሞልቷል።»

ጋሽ ዳልጮ፣ ሙዙን ከነቤተሰቡ ተሸክሞ ያመጣው፣ ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ። «ጌጤ፣ ሰውየው ይሄዳል።»

«ይሂድ።»

«ሙዙ እኮ ደርሷል። እስከ እሑድ ይጠቁራል።»

«ይጥቆር። እኛ እንበላዋለን፤ ልጆቹም ይበላሉ፤ ፍየልም ይበላል።»

ዳልጮ ፊቱን በባርኔጣው ጠረገ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ወደ መሬት አዩ። ይህ ጭነት ከቀረ ግማሾቹ በርካሽ ወደሚገዟቸው ደላሎች ሊመለሱ ባሎቻቸው ቃል አስገብተዋቸው ነበር፤ ሳሮ የሚቆመው ወይም የሚዘጋው በዚያ ቀን ነበር። እኔ ይህን አላውቅም። እኔ የማየው ጌጤ እናቴን ለማጥመቅ መኪና ሙሉ ሀብት ስትጥል ነው፤ እናም ኃይሏ አስደነገጠኝ።

ሸዋንዳኝ ተነሣ። የመኪናውን በር ከፈተ።

ያኔ እናቴ ቆመች። «ይበቃል» አለች። «ሰውየው አይሂድ። እኔ እቀምሳለሁ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣ እግዜርም ይቅር ይለኛል። በእኔ ምክንያት የስንቱ ልጅ ጉሮሮ ይዘጋል?»

«ሮማን፣ ተቀመጥ» አለች ጌጤ።

እናቴ አልሰማቻትም። ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ሰደደች። እጇ ወደ አፏ ሲነሣ አየሁ፤ ነጭ ቀሚስ፣ ማንኪያ፣ ከኋላዋ የወንዙ ድምፅ። አሁን ከቀመሰች አለቀ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የሴቶቹን እግር ዘልዬ፣ እጇን በሁለት እጄ ጎትቼ፣ ያን በርበሬ ሞልቶ የተዘገነ ማንኪያ የራሴ አፍ ውስጥ ከተትኩት። ጎረስኩት። ዋጥኩትም።

እናቴ በርበሬ ላይ ምሕረት አታውቅም። መጀመሪያ ምንም አልነበረም፤ ቀጥሎ ጆሮዬ ጮኸ፤ ቀጥሎ እኔ ጮኽኩ። ሴቶቹ ሁሉ ተነሡ። አንዷ ውኃ፣ አንዷ ቅቤ በጣቷ፣ ሄራን ያልተላጠ ሙዝ ይዛ አፌ ላይ ተረባረቡ። ዓይኔ፣ አፍንጫዬ፣ ሁሉም ይፈሳል። በዚያ መሐል ሸዋንዳኝ ሲስቅ ይሰማኛል።

«በቃ» አለ። «ልጇ ቀመሰች። በገዛ ልጁ ሆድ ሸክላ የሚከት የለም። ጫኑ።»

ዳልጮ ወዲያው የሙዝ ዘለላ አነሣ። ጌጤ ክንዱን ያዘችው።

«አስቀምጥ» አለች። «ልጁ አላመጣም። ያመጣ ነው የሚቀምስ። ዛሬ በልጅ ካለፍን፣ ነገ በጎረቤት እናልፋለን፣ ከነገ ወዲያ ሸክላው ይገባል።» ከዚያ እኔ ፊት ተንበረከከች። ሙዝ ልጣ ቁራሽ አጎረሰችኝ። «አንተ ምን ሆነህ ነው፣ ማዕዶት? ምን አየህ?»

አልቻልኩም፤ ወጣ። «እማዬን አታጥምቋት» አልኩ። «ጴንጤ ካደረጋችኋት አባዬ ይሄዳል።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ሌላዋ ተከተለች፣ ሁሉም ሊስቁ ሲሉ ጌጤ እጇን አነሣች። እሷ አልሳቀችም። ፊቴን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«አይ ልጄ» አለች። «እናትህ የትም አልሄደም። ዛሬ እኛ ነን ወደ እሱ የመጣነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን መቅመስ አይችልም፤ ስለዚህ እኛም አልቀመስንም። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልነካንም። አሁን ሆዴን ብትሰማው ይዘምራል።»

ሸዋንዳኝ ከመኪናው ወደ እኛ ተጠጋ። እጁ ላይ እኩሌታው የተበላ ሙዝ አለ። «እናንተ?» አለ። «እናንተ ጴንጤ አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን።»

«ታዲያ የማንን ጾም ነው የምትጾሙት?»

«የሮማንን» አለች ጌጤ። «ለእግዚአብሔር እንጾማለን ብንል ውሸት ይሆናል። ለሮማን ነው። ብቻውን ከሰው ተለይቶ እንዳይቆም።»

ሰውየው ወደ ሙዙ አየ። ማተቡን ነካ አደረገው፤ ከዚያ ሙዙን ከወገቡ ጀርባ ደበቀው፣ ልክ እኔ ክፍል ውስጥ ቆሎ ይዤ ስያዝ እንደማደርገው። መኪናው ደረጃ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ስለ ሶዶ ዳግመኛ አልተናገረም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እናቴ መጀመሪያ ቆመች። አማተበች። በርበሬዋን ቀመሰች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የበርበሬው ይሁን የሌላ እሷም አላወቀች ይሆናል። «አሜን» አሉ፤ እንደዚያ ቀን የጮኸ አሜን ሲቀላ ሰፈር አልሰማም። እኔም ከሁሉ አብልጬ ጮህኩ፣ በተቃጠለ አፌ። ከዚያ ሴቶቹ ቆጮውን፣ ማሩን፣ ሙዙን ደንቡን አልፎ በሚሄድ አቀማመስ ቀመሱ። ሸዋንዳኝ ገና ሳይከፍል ጭነቱ እንዳያልቅ ፈርቶ ራሱ መጫን ጀመረ። ጋሽ ዳልጮ ከመኪናው ላይ ሆኖ በጋሞኛ ይዘፍን ነበር፤ እናቴና ጌጤ ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ይስቁ ነበር፤ እኔና ሄራን መኪናውን እስከ ድልድዩ ድረስ እየሮጥን ሸኘነው። በሕይወቴ እንደዚያ ከሰዓት በኋላ ደስ ብሎኝ ያውቃል ብዬ አላስብም።

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሁለቱም ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። እትዬ ጌጤም ባሏ ካረፈ በኋላ ገረሴ፣ ወንድሟ ዘንድ ናት። እኔ በ2011 ዓ.ም.፣ በጾሙ ወራት፣ ለሥራ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር። ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ ኩልፎ ወረድኩ። ሳሮ አሁን የብሎኬት ቤት ነው፤ ክፍሎቹ በዝተዋል፣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሌላ ሰው አድሶታል። ወጣት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ዕቃው ተደርድሮ ይጠብቃል። አንዲቱ ልጅ ሞባይሏ ላይ መዝሙር ከፍታ አብራ ታንጎራጉራለች፤ የጌጤ ዓይነት መዝሙር ነው።

በርበሬ እንደምፈልግ ነገርኳት።

«ይቅርታ እህቴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይምጡ» አለችኝ። «ገና አልተቀመሰም። በጾም ወራት እንደዚህ ነው።»

አንድ በአንድ አየኋቸው። አንገቷ ላይ ማተብ ያላት አንዲትም የለችም።

«ከመካከላችሁ ጾመኛዋ ማን ናት?» አልኳት።

ልጅቱ ወደ ጓደኞቿ ዞረች፤ እነሱም ወደ እሷ። ጥያቄው አዲስ እንደሆነባት ያስታውቃል።

«አሁን እንኳ የለችም» አለችኝ። «ግን ብትመጣስ?»